ጓሮውና ጉልቱ

ከሐዋሳ ተነስቶ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ሲዳማንና ጌዴኦን ሰንጥቆ ያልፋል። በግራና በቀኙ ሙዝ በዘለላው ተሰቅሎ፣ አቮካዶና ማንጎ በመደብ በመደብ ተደርድሮ፣ አናናስ ተከምሮ ይሸጣል። መንገደኛው መኪናውን አቁሞ፣ ተከራክሮና ገዝቶ ይሄዳል። ከሻጯ ጀርባ ያለውን የእንሰትና የቡና ጓሮ ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ይህ ጉልት በብዙዎች ዓይን የድህነት ምልክት፣ በከተማ አስተዳደሮች ዓይን ደግሞ የመንገድ ላይ ችግር ነው። በእኔ እምነት ግን ጓሮው ብዙ ዓይነት ሰብል ተሸክሞ እንዲዘልቅ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ጉልቱ ነው። ጉልቱን ያላየ የግብርና ዕቅድ ሳያውቀው ጓሮውንም ያመነምነዋል።

ጓሮው እንዴት እንደሚሠራ ካልታየ ይህ ክርክር አይገባም። እንሰቱ ወደ ቤቱ ተጠግቶ ይተከላል፤ የከብቱ ፍግ በቀላሉ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ አፈሩን ይመግባል። በመካከል ጎደሬ፣ ቦይና፣ ጎመንና ስኳር ድንች አሉ፤ ጠርዝ ላይ ፍራፍሬ፣ ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ። ተስፋዬ አበበ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሲዳማ 144 ጓሮዎችን አጥንተው 120 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ መዝግበዋል፤ በአንድ ጓሮም በአማካይ 21 ዓይነት አግኝተዋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጌዴኦ ዞን በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ፣ አብዛኛው ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት እያረሰ፣ ዛፉን ሳይጨርስ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ለዚህ ዓይነቱ አኗኗር ዕውቅና ሲሰጥ ነው።

የጓሮው ችግር የጊዜና የመጠን ነው። ቡና ገንዘብ የሚያስገባው በዓመት አንዴ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን እስኪያብብ ድረስ በተፈለገ ጊዜ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱ የሚበላው አያጣም፤ የሚያጣው የጨው፣ የዘይት፣ የመድኃኒትና በመስከረም የሚመጣው የደብተር ገንዘብ ነው። ያን ክፍተት የሚሞሉት ሦስት የአቮካዶ ዛፎች፣ ሁለት ዘለላ ሙዝና አንድ ቅርጫት ጎመን ናቸው። እነዚህን ማን ይገዛል? ደላላው አይሱዙ የሚሞላ አንድ ዓይነት ምርት ይፈልጋል። በይርጋለም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቮካዶ ወደ ዘይት መለወጡ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው፤ ፋብሪካም ቢሆን ግን በብዛት የሚቀርብ አንድ ምርት ያሻዋል እንጂ ጎመኑንና ቦይናውን አብሮ አይጭንም። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚገዛው መንገደኛው ብቻ ነው። ሳይሸጥ የዋለው አይጠፋም፤ ማታ ወደ ቤት ተመልሶ ይበላል፤ ልጣጩና የበሰበሰው ለላሟ ይሰጣል፤ ፍጉ ተመልሶ እንሰቱ ሥር ይገባል። የማጓጓዣ ወጪ የለም፤ ኪሳራውም ከጓሮው አይወጣም።

አንድ ሰብል ላይ ማተኮር ይሻላል የሚሉ ሰዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ከትንሽ መሬት የሚያስገኘው ጥሬ ገንዘብም ከተደባለቀው ጓሮ ይበልጣል። በሲዳማ አንዳንድ አካባቢዎች ጫትና አናናስ የእንሰቱን ቦታ የያዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያን የመረጠውን አርሶ አደር ሞኝ ማለት አይገባም። ነገር ግን የዓመቱ ገቢ አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ ቤቱ ምን ይዞ ይቆያል የሚለው ሌላ ነው። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ ቡናን ብቻ የያዘ ቤተሰብ ገቢውንም ምግቡንም በአንድ ጊዜ አጣ፤ እንሰት የነበረው ግን ዋጋው በውጭ አገር የማይወሰን ምግብ ከጓሮው ነበረው። እንሰቱን ነቅሎ ጫት የተከለ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ጓሮውን መልሶ ለማግኘት ዓመታት ይጠብቃል። እርግጥ እንሰትም ከክፉ የጸዳ አይደለም፤ አጠውልግ በሽታ ሙሉ ጓሮ ሊያወድም ይችላል። ይህም ቢሆን የሚያሳየው የትኛውንም አንድ ሰብል ብቻውን ማመን እንደማይቻል ነው።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ፤ ከጥናቶችም የሚነሳ ነው። ለመንገድና ለገበያ የቀረቡ ጓሮዎች ለገበያ በሚውል አንድ ሰብል የመያዝ ዕድላቸው ይሰፋል፤ እንዲህ ከሆነ መንገድ ዳር መሸጥ ጓሮውን ያድነዋል ማለት እንዴት ይቻላል? መልሱ መንገድ ሁለት ዓይነት ገዢ ማምጣቱ ላይ ነው። የጭነት መኪናው አንድ ምርት በብዛት ይጠይቃል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ለቤቱ የሚበቃውን ከየዓይነቱ ይጠይቃል። ለጭነቱ ሚዛን፣ መጋዘንና ፈቃድ ያለው ሕጋዊ ቦታ ተዘጋጅቶ ለሁለተኛው የተረፈው የአስፋልት ጠርዝና መባረር ከሆነ፣ ጓሮው ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያዳግትም። ጉልቱ ብቻውን ጫትን ያቆማል ማለቴ አይደለም፤ የመሬቱ ጥበት እስካለ ድረስ ግፊቱ ይቀጥላል። ብዙ ዓይነት ለሚያመርት ቤተሰብ ግን የየዕለት ገዢ መኖር አለመኖሩ ውሳኔውን ይለውጣል።

ደኅንነትን በተመለከተ የሚቀርበው ስጋት እውነት ነው። ኩርባ ላይ የቆመ መኪና፣ ፍራፍሬ ይዘው ወደ መስኮት የሚሮጡ ሕፃናት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይና አቧራ ላይ የምትቀመጥ እናት፤ ይህን ማንም እንዳለ ይቀጥል ሊል አይገባም። መፍትሔው ግን ማባረር አይሆንም፤ የተባረረችው ሴት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ምናልባትም ይበልጥ አደገኛ በሆነ ቦታ ትቀመጣለች። ከኩርባና ከድልድይ የራቀ፣ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ የሚቆምበት፣ ጥላ፣ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቦታ መንገዱ ሲሠራ ወይም ሲታደስ በንድፉ ውስጥ ሊካተት ይችላል፤ ወጪውም ከመንገዱ ወጪ አንጻር ትንሽ ነው። ቦታው በጨረታ ለከፍተኛ ተጫራች ከተሰጠ ግን ከሌላ አካባቢ ጭኖ የሚያመጣ ነጋዴ ይይዘዋል። ስለዚህ ድልድሉ በቀበሌው ጓሮ ላላቸው ቤተሰቦች፣ በተራ፣ በሴቶቹ ስም መሆን ይኖርበታል፤ የዕለት ክፍያ ካለም ከአንድ መደብ አቮካዶ ዋጋ መብለጥ የለበትም።