ድመት በቫዮሊን ሳጥን ውስጥ ምን ትሻለች?

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና፣ ኦሎምፒያ ተብሎ በሚጠራው ሠፈር፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ለቡና ተጠርተን ነበር። ወሩ ኅዳር በመሆኑ የማታው ብርድ ጠንከር ብሏል። ቫዮሊን የምትማረው የቤቱ ልጅ ልምምዷን ጨርሳ መሣሪያዋን ወደ ሳጥኑ ልትመልስ ስትል ቦታው ተይዞ አገኘችው። የቤቱ ድመት በከፋይ ጨርቅ በተለበጠው ሳጥን ውስጥ፣ ቫዮሊኑ ሊያርፍበት በሚገባው ሥፍራ ላይ ተጠቅልላ፣ ጅራቷን በአፍንጫዋ ላይ ጥላ ተኝታለች። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋም ምንጣፍም አለ። ድመቷ ግን ሁለቱንም ትታ ሳጥኑን መርጣለች።

በቤቱ ውስጥ ወዲያው ክርክር ተነሣ። አያትየው «በርዷት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ። አባትየው «ሽታው ነው የሚስባት» ሲሉ፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ «ሙዚቃ ስለምትወድ ነው፤ እኅቴ መጫወት ስትጀምር ነው የምትመጣው» ብሎ ተሟገተ። ተማሪዋ ግን አልሳቀችም። ባለፈው ሳምንት ድመቷ በጨርቅ ሥር መግባቷን ሳታይ ሳጥኑን ልትዘጋባት ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ በሳጥኑ ኪስ ውስጥ የነበረ ትርፍ የቫዮሊን ክር ጫፉ ታኝኮ ወለል ላይ ተገኝቷል። «ለሰው ብንሰጣት ይሻላል» እስከ መባል ተደርሷል።

ውድ አንባብያን፣ አንድን እንስሳ ከቤት ከማስወጣት በፊት ምን እንደሚሻ ማወቅ ተገቢ ይመስለናል። በዚያ ምሽት የቀረቡት ሦስት ግምቶች በሳይንስ ቋንቋ መላ ምቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

የአያትየው መላ ምት፦ ብርድ

የጤነኛ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ደመ ሞቃት የሆነ እንስሳ ሁሉ የሰውነቱን ሙቀት ለመጠበቅ ተጨማሪ ኃይል ሳያባክን ሊኖርበት የሚችል የአካባቢ ሙቀት ክልል አለው። ለድመት ይህ ክልል ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ነው። ልብስ የለበሰ ሰው በአንጻሩ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ተመችቶት ይቀመጣል። በመሆኑም ለእኛ ደስ የሚል ሳሎን ለድመት ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አብዛኞቹ ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም፤ ወለላቸውም ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው።

ሙቀት ከድመቷ አካል በዋናነት የሚወጣው በንክኪ፣ በአየር እንቅስቃሴና በጨረራ ነው። የቫዮሊን ሳጥን ሦስቱንም መንገዶች ያጠብባል። ከከፋዩ ሥር ያለው ስፖንጅ በውስጡ የረጋ አየር ይዟል። የረጋ አየር ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ 0.025 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ሲሆን፣ የኮንክሪት ግን 1 እና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በኮንክሪት ወለል ላይ የተኛች ድመት በሆዷ በኩል የምታጣው ሙቀት በስፖንጅ ላይ ስትተኛ ከምታጣው እጅግ ይበልጣል። የሳጥኑ ግድግዳዎች ደግሞ በበር ሥር የሚገባውን ነፋስ ይከለክላሉ። ከአካሏ የወጣው ሙቀትም በዚያች ጠባብ ሥፍራ ይጠራቀማል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። በኒውተን የቅዝቃዜ ሕግ መሠረት አንድ አካል ሙቀት የሚያጣበት ፍጥነት በእርሱና በአካባቢው መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። የድመቷ ሙቀት 38.5፣ የሳሎኑም 18 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 20.5 ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር በራሷ ሙቀት ተሞቆ 28 ዲግሪ ቢደርስ ልዩነቱ ወደ 10.5 ይወርዳል። ሌላው ሁሉ ባለበት ከቀጠለ የምታጣው ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። የእውነተኛዋ ድመት ስሌት ጠጉሯንና አተነፋፈሷን የሚጨምር በመሆኑ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም አቅጣጫው ይኸው ነው።

መጠቅለሏም ያለ ምክንያት አይደለም። እኩል ይዘት ካላቸው ቅርጾች ሁሉ አነስተኛ የውጭ ገጽ ያለው ሉል መሆኑን በጂኦሜትሪ ተምረናል። ድመቷ እግሯን አጥፋ፣ ጅራቷን በአፍንጫዋ ላይ ስትጥል ወደ ሉል ትቀርባለች፤ ሙቀት የሚያመልጥበትንም ገጽ ታጠባለች። ክብ ሆና እንድትተኛ የሚያግዛት ጠባብ ሥፍራም ይስማማታል።

ከብርድ ባሻገር፦ መሸሸጊያ

ይሁን እንጂ ብርድ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። ድመቶች በቆላ ከተሞችም ካርቶን ውስጥ ይገባሉና። ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ዘር ሐረጋቸው መመለስ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2007 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት የ979 ድመቶችን የዘር ቅንጣት መርምሮ፣ የቤት ድመት ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት የመጣች መሆኗን አሳይቷል። ይህ የዱር ድመት ዝርያ በአፍሪካም፣ በአገራችንም ይገኛል። ትንሽ አዳኝ ነው፤ ነገር ግን ራሱ በትልልቅ አራዊት ይታደናል። ስለሆነም በዓለት ስንጥቅና ሌሎች እንስሳት በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ያርፋል። ከሦስት ወገን በግድግዳ የተከበበ ቦታ አዳኝን የሚያስቀርበው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ለማድባትም ይመቻል።

ይህ ጠባይ ዛሬም በቤት ድመት ላይ በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ወደ አንድ የእንስሳት መጠለያ አዲስ የገቡ 19 ድመቶችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። ለ10ሩ መደበቂያ ሳጥን ሰጡ፤ ለ9ኙ አልሰጡም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳጥን ያገኙት ድመቶች የጭንቀት ምልክታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሳጥን ያላገኙትም ከጊዜ ብዛት አዲሱን ቦታ ቢላመዱም ይህን ለማድረግ የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ መደበቂያ ለድመት የማረጋጊያ መሣሪያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። የድመት ባለቤቶች በየቤታቸው ወለል ላይ የተለያዩ ቅርጾችን እንዲለጥፉ ተደረገ። ከቅርጾቹ አንዱ ዙሪያው የተሰመረ እውነተኛ አራት ማዕዘን ነበር። ሌላው በማዕዘኖቹ ላይ ብቻ በተቀመጡ የተቆረጡ ክቦች አማካይነት ለዐይን አራት ማዕዘን መስሎ የሚታይ የእይታ ማታለያ ነው። ሙከራውን እስከ ፍጻሜው ካደረሱት 30 ድመቶች መካከል 9ኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቅርጾቹ በአንዱ ውስጥ ተቀመጡ። በማታለያው ውስጥ የተቀመጡበት ጊዜ በእውነተኛው ውስጥ ከተቀመጡበት ጋር ተቀራራቢ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ ድምዳሜውን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል። ቢሆንም ድመትን የሚስባት የግድግዳው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ወሰን ያለው ሥፍራ መሆኑንም ይጠቁመናል።

የአባትየው መላ ምት፦ ሽታ

የድመት ዓለም በአብዛኛው የሽታ ዓለም ነው። በጉንጯና በመዳፎቿ ሥር ካሉ ዕጢዎች የሚወጡ ኬሚካሎችን በየዕቃው ላይ እያሻሸች አካባቢዋን የራሷ ታደርጋለች። በመሆኑም በሳጥኑ ውስጥ አንድ ጊዜ የተኛች ድመት ከፋዩ የራሷን ሽታ ስለሚይዝላት ተመልሳ ብትመጣ አያስደንቅም። የቫዮሊን ተጫዋች አገጭና እጅ ያለማቋረጥ ከመሣሪያው ጋር ስለሚነካካ ሳጥኑ የባለቤቱንም ሽታ ይዟል። ድመቷ የምታምነውን ሰው ሽታ ከራሷ ሽታ ጋር በአንድ ቦታ ታገኛለች ማለት ነው።

የአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች በዚህ ረገድ ከቫዮሊን የባሱ ናቸው። የበገና ዐሥሩ አውታሮች በባህላዊው አሠራር ከበግ አንጀት ይፈተላሉ፤ የድምፅ ሳጥኑም በቆዳ ይለበጣል። የማሲንቆ አንድዬ አውታርና ደጋኑ የፈረስ ጭራ ሲሆኑ ሳጥኑ በቆዳ የተወጠረ ነው። አንጀትና ቆዳ ሥጋ በሊታ ለሆነ እንስሳ አፍንጫ ምን ሊሸቱ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። የቫዮሊን አውታርም ጥንት ከበግ አንጀት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ብረት ወይም ሰው ሠራሽ ክር ሆኗል።

የትንሹ ልጅ መላ ምት፦ ሙዚቃ

ሰው በአማካይ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሰማ፣ ድመት ከ48 እስከ 85,000 ኸርዝ ገደማ ትሰማለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ለ47 የቤት ድመቶች ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አሰምተዋል። አንደኛው የሰው ሙዚቃ ሲሆን፣ ሌላው በድመት ድምፅ ክልልና በማንኮራፋቷ ምት ላይ ተመሥርቶ የተደረሰ ነበር። ድመቶቹ ይበልጥ ትኩረት የሰጡት ለሁለተኛው ነው። የሰው ሙዚቃ ብዙም አልማረካቸውም።

ታዲያ ድመቷ ልምምድ ሲጀመር የምትመጣው ለምንድን ነው? መልሱ ለማንኛውም የሳይንስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ሳጥኑ የሚከፈተው ልምምድ ሲኖር ብቻ ነው! ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ተከሰቱ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ትንሹ ልጅ ያየው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ካየው ነገር ድምዳሜ ላይ ሲደርስ ነው።

ቸል የማይባለው አደጋ

እስካሁን ያየነው ድመቷ ጥፋተኛ አለመሆኗን ነው። ነገር ግን የተማሪዋ ሥጋት እውነተኛ ነው። ከሁሉ የሚከፋውም ክሩ ነው። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮዋ ባዘነበሉ ጠንካራ እሾሆች የተሸፈነ ስለሆነ አንዴ አፏ የገባ ክር መልሳ ለመትፋት ይቸግራታል፤ ትውጠዋለች። የክሩ አንድ ጫፍ በምላሷ ሥር ወይም በጨጓራዋ መውጫ ላይ ከተያዘ፣ አንጀቷ ክሩን ወደ ፊት ለመግፋት በሚያደርገው እንቅስቃሴ በክሩ ላይ እንደ መጋረጃ ይሸበሸባል። ክሩም የአንጀቱን ግድግዳ እንደ መጋዝ ሊቆርጠው ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ሊገድልም የሚችል አደጋ ነው። በድመት አፍ ወይም ፊንጢጣ በኩል ተንጠልጥሎ የታየ ክር ፈጽሞ አይሳብም፤ ፈጥኖ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ግድ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ሳይታዩ የሚዘጉ ሳጥኖችና ዚፕ ያላቸው ቦርሳዎች ናቸው። በጥብቅ የተዘጋ ሳጥን አየሩ ውስን ነው፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ያንኑ ሙቀት ዐቃቢነት ድመቷ ስትሻው ጥቅም፣ መውጫ ስታጣ ጉዳት ይሆናል።

መሣሪያውም ይጎዳል። ድመቷ የምትተነፍሰው እርጥበት በከፋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ቆዳና አንጀት ደግሞ እርጥበት ስበው ስለሚላሉ ቅኝታቸው ይበላሻል። በምራቋና በቆዳዋ ላይ የሚገኘው፣ አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲንም በጨርቅ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። አስም ያለበት ተማሪ ያንን ሳጥን ቢዋስ ሊታመም ይችላል።

በቤታችሁ ሞክሩት

ድመት ያላችሁ አንባብያን ነገሩን ራሳችሁ ልትፈትኑ ትችላላችሁ። ሦስት እኩል ካርቶኖች አዘጋጁ። አንደኛው ባዶ ይሁን፤ በሁለተኛው ታጥቦ የደረቀ ጨርቅ፣ በሦስተኛው ደግሞ ለብሳችሁት የዋላችሁትን ተመሳሳይ ጨርቅ አንጥፉ። ለ14 ቀናት በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት ድመቷ የት እንደ ተኛችና የክፍሉ ሙቀት ስንት እንደሆነ መዝግቡ። የካርቶኖቹን ቦታ በየቀኑ አቀያይሩ፤ ያለዚያ የመረጠችው ካርቶኑን ይሁን ማዕዘኑን ልታውቁ አትችሉም። ባዶውን ከሁለተኛው ጋር ስታነጻጽሩ የሙቀትን፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር ስታነጻጽሩ የሽታን ድርሻ ታያላችሁ።

የኦሎምፒያው ቤተሰብም ከማባረር ይልቅ ሙከራውን መርጧል። አያትየው አሮጌ ጋቢያቸውን ለገሱ፤ ጋቢው የተነጠፈበት ካርቶን ከወለሉ ከፍ ብሎ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ትርፍ ክሮቹ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። ተማሪዋም ቫዮሊኗን እንዳነሣች ሳጥኑን መዝጋት፣ ከመመለሷም በፊት ውስጡን በእጇ መዳሰስ ልማድ አደረገች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስንጠይቅ ድመቷ አብዛኛውን ሌሊት በካርቶኑ ውስጥ እንደምታድር ተነገረን።

ሳጥኑ ተረስቶ ክፍቱን ከዋለ ግን አሁንም እዚያው ትገኛለች። «ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳ» ይላሉ አበው። ዓመሏ ከየት እንደመጣ ካወቅን፣ ሳጥኑን የመዝጋቱ ኃላፊነት የእኛ ነው።