የላይኛው ክርና የታችኛው

የቤት የስፌት መኪና ገዝቶ ወይም ከዘመድ ተልኮለት ካርቶኑን የከፈተ ሰው፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ለፊት የተደረደሩት የስፌት ዓይነቶች ሥዕል ላይ ነው። እነሱ ይቆዩ። ቀድሞ መታወቅ ያለበት መኪናው የሚሰፋው በሁለት ክር መሆኑ ነው። አንደኛው ከጥቅሉ ወርዶ በመርፌው ዓይን ያልፋል። ሁለተኛው ከጨርቁ ሥር፣ ቦቢን በምትባለው ትንሽ ማጠንጠኛ ላይ ተጠምጥሞ ይጠብቃል።

መርፌው ጨርቁን በስቶ ወርዶ መመለስ ሲጀምር፣ የላይኛው ክር ከሥር ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከታች እየዞረ የሚመጣው መንጠቆ ያችን ቀለበት ይይዝና በቦቢኗ ዙሪያ ያሳልፋታል። ወዲያው ከላይ ያለው ክንድ ክሩን ሽቅብ ሲስበው፣ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል ተቆላልፈው ይቀራሉ። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ የቦቢኗን ክዳን ከፍተው፣ በቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጅዎ ወደ ራስዎ ቀስ እያደረጉ ያዙሩት። መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ቢያደርግ እመኛለሁ። ከዚያ በኋላ መመሪያው ላይ የተጻፈው ሁሉ ትርጉም ይሰጣል።

የእጅ መርፌ ዓይኑ ከጫፉ ተቃራኒ ነው፤ የመኪና መርፌ ግን ዓይኑ ጫፉ አጠገብ ነው። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እንዲህ ያለውን መርፌ ከሥር ከሚመላለስ ሌላ ክር ጋር አጣምሮ ፓተንት ያገኘው በፈረንጆቹ 1846 ነው። ከእሱ በፊት ፈረንሳዊው ቲሞኒዬ በአንድ ክር የሚሰፋ መኪና ሠርቶ ነበር፤ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ግን እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው መኪኖቹን ሰባበሩበት። አይዛክ ሲንገር በ1851 ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ መርፌ ያለው መኪና አቀረበ። ጨርቁን ከሥር የሚገፉትን ጥርሶች ዛሬ በምናውቃቸው መልክ፣ ማለትም ብቅ ብለው፣ ገፍተው፣ ዝቅ ብለው፣ ተመልሰው እንዲሠሩ ያደረገው አለን ዊልሰን ሲሆን ፓተንቱ የ1854 ነው። በየከተማው በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊው በእግሩ የሚያሽከረክራት ጥቁር መኪናም ሆነች ዛሬ ከሱቅ የወጣችው፣ ቁልፋቸው ያው የሁለት ክር ቁልፍ ነው።

የእግሯ መኪና መብራት ቢጠፋም ሥራ አታቋርጥም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን ከመሰካትዎ በፊት ጀርባው ላይ ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በደግነት የላከው መኪና ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ቤት መብራት 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ፔዳሉም ላይ የተጻፈውን አይለፉት።

አሁን ወደ ክሩ። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው አንድ ነገር አለ፦ ትንሽ እንደሰፉ ከጨርቁ ሥር ክር ተተብትቦ ይከመራል፣ መኪናውም ይቆማል። ችግሩ ከታች ስለታየ ሁሉም ቦቢኗን ይወቅሳል፤ አውጥቶ ይመልሳታል፣ ደግሞ ያወጣታል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። የላይኛው ክር የሚጠብቀው በሁለት ትናንሽ ሳህኖች መካከል ሲያልፍ ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ከፍ ሲል ሳህኖቹ ይከፈታሉ፣ ሲወርድ ይዘጋሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ካስገቡ፣ ክሩ ሳህኖቹ መካከል ሳይገባ ከላያቸው ይቀራል። የሚይዘው ስለሌለ መንጠቆው የፈለገውን ያህል እየሳበ ከሥር ይከምረዋል። ስለዚህ ክር ሲያስገቡ እግሩ ከፍ ይበል። ካስገቡ በኋላ እግሩን አውርደው ክሩን በጣትዎ ሳብ ያድርጉት፤ እምቢ ካለ በትክክል ገብቷል፣ ዝም ብሎ ከመጣ እንደገና ይጀምሩ።

ስፌቱ ራሱም ይናገራል። የታችኛው ክር ነጥብ ነጥብ እየሆነ ከላይ ከታየ የላይኛው ጠብቋል፤ የላይኛው ከሥር ከታየ ላልቷል። ይህን ለማወቅ ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ክር አድርጎ በቁራጭ አቡጀዲ ላይ መሞከርን የሚያህል መንገድ የለም። የማጥበቂያው ቁጥር በብዙ መኪኖች ከ0 እስከ 9 ነው፤ መነሻው 4 አካባቢ ይሁን።

መርፌ ርካሽ ነው፣ ሰው ግን እስኪሰበር ድረስ አይቀይረውም። የደነዘዘ መርፌ ስፌት ይዘላል፣ ጨርቅም ይጎትታል። ቁጥሩ ውፍረቱን ይነግርዎታል፦ 80 ማለት 0.8 ሚሊሜትር ነው። ለአቡጀዲና ለሸሚዝ 80፣ ለጂንስ 100፣ እንደ ቲሸርት ለሚለጠጥ ደግሞ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ይሻላል። ለነጠላ 70 ይበቃል፤ ሳሳ ስለሚል ጥርሶቹ እንዳይውጡት ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጎ ሰፍቶ፣ በኋላ ወረቀቱን ቀዶ ማውጣት ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ኋላ ይዞራል።

ለእጅዎ ልምምድ መጀመሪያ ያለ ክር በመስመር ደብተር ወረቀት ላይ ይስፉ። መስመሩን መከተል ዓይንን፣ ፔዳሉን በልክ መርገጥ እግርን ያለማምዳል፤ ሲጨርሱ ወረቀት የነካውን መርፌ ይቀይሩ። ጨርቅ ላይ ሲደርሱ አይጎትቱ፤ የሚገፉት ጥርሶቹ ናቸው፣ የእጅ ሥራ አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ነው። ጨርቁ ሲጎተት መርፌው ይጣመምና ብረት መትቶ ይሰበራል። ሲጀምሩ ሁለቱን የክር ጫፎች ወደ ኋላ ይያዙ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ሰፍተው ይቆልፉ።

የመጀመሪያ ሥራ የትራስ ልብስ ይሁን፤ ሁሉም ቀጥታ ስፌት ነው፣ ዚፕም ቁልፍም የለውም። 50 በ70 ለሆነ ትራስ ወርዱ 53፣ ርዝመቱ 165 ሴንቲሜትር የሆነ አቡጀዲ ይቁረጡ። ሁለቱን አጭር ጠርዞች 2.5 ሴንቲሜትር እያስገቡ ይቀምቅሙ። የጨርቁን ፊት ወደ ላይ አድርገው ካነጠፉት በኋላ አንዱን ጫፍ 70 ሴንቲሜትር ያጥፉት፤ ከሌላው ጫፍ የተረፈውን 20 በላዩ ይመልሱት። ግራና ቀኙን ከዳር 1.5 ሴንቲሜትር ገብተው ይስፉና ይገልብጡት፤ ያ 20 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ትራሱን የሚይዝ ኪስ ይሆናል።