የወል ምድርንና የግል ይዞታን በካርታ ስለ መለየት

ካርታ ማለት የምድር መልክ ተመጥኖ በወረቀት ላይ የሚታይበት ሥዕል ነው። ተራራንና ወንዝን መሣል ቀላል ነው፤ በዓይን ይታያልና። ወሰን ግን ድንጋይ ካልተተከለበት ወይም ሽማግሌ ካልመሰከረለት በቀር አይታወቅም። ስለዚህ ተማሮቹን ይዞ ወደ ጮቄ ተራራ ለሽርሽር የሚወጣ መምህር፥ የወሉ ምድር በየት አልቆ የገበሬው ይዞታ በየት እንደሚጀምር ማወቅ ይገባዋል። የሃምሳ ልጅ እግር የደረሰ ገብስ ቢረግጥ ገበሬው የሚያጣው የዓመት ቀለቡን ነው።

የዚህ ነገር ታላቁ ምሳሌ በሰሜን ተራሮች ይገኛል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ለዋልያ መጠጊያ የተባለው ምድር ባዶ አልነበረም። በካርታው ላይ ወሰኑ አንድ መስመር ነበረ፤ በመስመሩ ውስጥ ግን ጎጆና አውድማ፥ እርሻና ግጦሽ ነበረበት። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፥ ዋልያው እያነሰ እርሻውም እየሰፋ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚያ በኋላ ወሰኑ እንደ ገና ተሣለ፤ አንዳንድ መንደሮች ወደ ውጭ ቀሩ፥ ራስ ደጀንን የመሰሉ ከፍተኛ ተራሮች ተጨመሩ፥ ስፋቱም ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። የግጭ መንደር ሰዎችም በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ አጠገብ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ወሰኑ ከመጀመሪያው ከነዋሪው ጋር ተመክሮበት ቢሣል ኖሮ ይህ ድካም ባነሰ ነበር።

በፈረስ ቤት ዙሪያ፥ በደጋ ዳሞት አገር፥ ገመድ ይዞ ወደ ማሳ የሚወርድ ሰው ደግሞ ታሪኩን ያስብ። ርስት በትውልድ የሚቈጠር ነበረ፤ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ድርሻ ይጠይቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፥ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚጠፋበት መስሎት ተነሣ፤ ደጋ ዳሞትም ከዋነኞቹ ስፍራዎች አንዱ ነበረ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ለገበሬው የቀረለት የመጠቀም መብት ነው። ዛሬ ይዞታው ከነአዋሳኞቹ በደብተር ይመዘገባል።

መምህሩ የቀበሌውን ካርታ ሲሥል አስቀድሞ ወንዙን፥ መንገዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ያስቀምጥ። ቀጥሎ ከሁለቱም ወገን አዋሳኞች ጋር ወሰኑን በእግሩ ይዙር። የወሉን ግጦሽና ደን በአንድ ቀለም፥ ይዞታውን በሌላ ቀለም ይቅባ፤ በደን መካከል ያለችውን ማሳም በሐይቅ መካከል እንዳለች ደሴት ለይቶ ያሳይ። በማሳ መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ለማለፍ እንጂ ለመቀመጥ አይደለምና በቀጭን መስመር ይሣል። አዋሳኞቹ ባልተስማሙበት ስፍራ መስመሩን በነጠብጣብ ይተወው፤ ፍርዱ የዳኛ ነው። ካርታው የተሣለበት ወርም ይጻፍበት፤ በጥቅምት የአንድ ሰው የሆነ ማሳ ከአጨዳ በኋላ በጥር የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚሰማራበት ይሆናልና።