ማንም ያልተከለው ቡቃያ



በላንቴ ሙዝ መካከል ወይም ከአጥር ሥር ማንም ሳይተክለው አንድ ቡቃያ ብቅ ያለ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ወይ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ወይም «ሀለኮ ነው» ብሎ ለድስት ያሳድገዋል። ሁለቱም ችኰላ ነው። በልጅነታቸው የሚምታቱ ሦስት ዛፎች አሉና፤ እነርሱም በአማርኛ ሽፈራው የምንለው ሀለኮ፥ ኒምና ሚሊያ ናቸው። ሀለኮ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ሁለቱ ከእስያ የመጡ እንግዶች ናቸው። የኒምን ፍሬማ ወፍና የሌሊት ወፍ እየበሉ ዘሩን በየጓሮው ይጥሉታል።

መለያው ቅጠሉ ነው። በኒም ዘንግ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ቅጠሎች እንደ ማጭድ የጎበጡ፥ ጠርዛቸውም እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው፤ ዘንጉ ግን አይከፋፈልም። የሚሊያ ዘንግ ሌላ ዘንግ እያወጣ ይከፋፈላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ የሀለኮ ዘንግ እንዲሁ ይከፋፈላልና። ነገር ግን የሚሊያ ቅጠል ጠርዝ ጥርስ አለው፤ የሀለኮ ልሙጥ ነው፤ በጣት ቢዳብሱት ይታወቃል። የሀለኮን ሥር ጫር አድርጎ ያሸተተ ሰውም የሰናፍጭ ሽታ ያገኝበታል።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ሀለኮ ከኩርኩፋ ጋር የሚቀርብ የጋሞ ጎመን ሲሆን፥ ሚሊያ ግን መርዝ አለው፤ ይልቁንም ቢጫው ፍሬው ሰውንም እንስሳንም ይጎዳል። ስለዚህ ጠርዙ ጥርሰኛ የሆነውን ከድስት አርቁት። የተጠራጠረ ሰው እስኪያብብና እስኪያፈራ ይታገሥ፤ የሚሊያ አበባ ሐምራዊነት አለው፥ የኒም ነጭ ነው፤ ሀለኮ ደግሞ ባለ ሦስት ክንፍ ዘር የያዘ ረጅም ፍሬ ያንጠለጥላል።