ከእኛ ደጋ የወረደ አፈርና የእስክንድርያ ጠረፍ፤ ቀስ በቀስ የሚሰጥመውን ምድር ከድንገተኛ ጎርፍ ስለ መጠበቅ

በግብፅ የኒቅዩስ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ዮሐንስ፣ በሊቃውንቶቻችን ዘንድ ዮሐንስ መደብር የሚባለው፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ዜና መዋዕል ዛሬ የሚገኘው በግእዝ ትርጕሙ ብቻ ነው። በዚህ መጽሐፍ በቅዱስ አትናቴዎስ ዘመን ባሕሩ በእስክንድርያ ላይ ተነሥቶ ሄፕታስታድዮን እስከሚባለው ስፍራ እንደ ደረሰ ተጽፏል። ቅዱሱም ካህናቱን ሁሉ አስከትሎ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣ፤ መጽሐፈ ሕጉን በእጁ ይዞ፣ ለኖኅ የተሰጠውን ቃል ኪዳን እያሳሰበ ጸለየ፤ ባሕሩም ወደ ስፍራው ተመለሰ። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ይኸው አባት ስለ ሆነ ታሪኩ ለእኛ የባዕድ ታሪክ አይደለም።

የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ትረካ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 365 ከደረሰው የባሕር ማዕበል ጋር ያያይዙታል። በቀርጤስ ደሴት አጠገብ ምድር ተናወጠች፤ ባሕሩም አስቀድሞ ከዳርቻው ሸሸ። በዘመኑ የነበረው የሮም ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ እንደ መዘገበው፣ ሕዝቡ ውኃው በሸሸበት ወለል ላይ ዓሣ ሊለቅም ወረደ። ውኃው ሲመለስ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ በእስክንድርያም መርከቦች በቤት ጣሪያ ላይ ተሰቅለው ቀሩ። የባሕሩ መሸሽ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ምልክቱን ያወቀ ግን አልነበረም።

ከዚያ ዘመን ወዲህ የጠረፉ ምድር ይበልጥ ዝቅ ብሏል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ራሳችን ተራሮች መመልከት ያስፈልጋል። የናይል ዴልታ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ከደለል የተገነባ ሲሆን፣ የደለሉ አብዛኛው በዐባይና በተከዜ ታጥቦ የወረደ የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። እርጥብ ደለል በራሱ ክብደት ይጫናል፤ በውስጡ ያለው ውኃ እየተጨመቀ ሲወጣም ምድሩ በየዓመቱ በሚሊ ሜትር እየተቆጠረ ይወርዳል። ቀድሞ የወንዙ ሙላት በየክረምቱ አዲስ አፈር እያለበሰ የጎደለውን ይተካ ነበር። ታላቁ የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ ከግድቡ በስተኋላ ባለው ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ ምድሩ መስጠሙን ሳያቆም ምትኩ ተቋረጠ፤ በዚህ ላይ የባሕር ጠለል በዓለም ሙቀት መጨመር የተነሣ ከፍ እያለ ነው። (አፈራችን ወደ እስክንድርያ መድረሱን ካቆመ ቆይቷል፤ ከእርሻችን መሄዱን ግን አላቆመም።)

ጥቂት ሚሊ ሜትር ማንንም አያሰጥምም። አደጋው የሚገለጠው ማዕበል ወይም ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ቀን ነው፤ በአያቶች ዘመን ከዳርቻው ላይ የሚመለሰው ውኃ በልጅ ልጆች ዘመን ደጃፍ ይገባል። በረሺድ በኩል ባሕሩ ኪሎ ሜትሮችን ገፍቶ መሬት ከበላ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ታላቅ የድንጋይ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ከፊቱ ያለውን ስፍራ አዳነ፤ መሸርሸሩ ግን ወደ ግንቡ ጫፎች ተሻገረ። ከዚህ በመማር ይመስላል፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የግብፅ መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በአምስት አውራጃዎች 69 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዝቅተኛ የአፈር መከላከያ ለመሥራት የተነሣው። መከላከያው የአሸዋ ክምርን እንዲመስል ሆኖ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ይሠራል፤ በላዩ የሚተከለው የሸምበቆ አጥር ነፋስ የሚያመጣውን አሸዋ እየያዘ ያሳድገዋል። ለገጠር ዳርቻ ይህ ከግንቡ የተሻለ መንገድ ይመስለናል፤ ሲጎዳም የአካባቢው ሰው በእጁ ሊጠግነው ይችላል።

ይሁን እንጂ ውኃ የሚመጣው ከባሕር ብቻ አይደለም። ከእስክንድርያ በስተ ደቡብ የሚገኘው የመርዩጥ ሐይቅ ከባሕር ጠለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚኖረው፣ መክስ በተባለው ስፍራ ያሉ መሳቢያዎች ውኃውን ያለ ማቋረጥ ወደ ባሕር ስለሚገፉት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ከባድ ዝናብ በወረደ ጊዜ የከተማዋ የፍሳሽ መስመሮች ውኃውን መሸከም አልቻሉም፤ መንገዶች ተጥለቀለቁ፤ ሰዎችም ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹን የገደለው በውኃው ውስጥ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። የከተማዋ ገዥም ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

የእኛ አጥቢያዎች ባሕር የላቸውም፤ ድንገተኛውን ውኃ ግን ያውቁታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን በወሰደ ጊዜ፣ ውኃው የመጣው በላይ በሐረርጌ ደጋ ከጣለው ዝናብ ነው። በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ፣ ልክ ባሕሩ እንደ ሸሸበት ወለል፣ ሰውን ያዘናጋል። እንዲህ ባለ ወንዝ አጠገብ ያለ ሰበካ ጉባኤ ግንብ የመሥራት አቅም አይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን የምእመናን መዝገብ፣ ደወልና በሌሊት የሚነቃ ሰው አለው። ከመዝገቡ በዝቅተኛው ስፍራ የሚኖሩትን አረጋውያን፣ አራሶችና ሕሙማን ለይቶ ማን ማንን እንደሚያወጣ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። የጎርፉ ደወል ከቅዳሴው ደወል በአመታቱ የተለየ መሆን አለበት፤ ይህም ለምእመናን ብቻ ሳይሆን ከመስጊዱና ከቀበሌው ጋር በመነጋገር ለነዋሪው ሁሉ ይነገር። የውኃ መውረጃ ቦዮች በግንቦት ይጠረጉ፤ በሐምሌ የሚደረግ ጠረጋ የዘገየ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የታችኛው አጥቢያ ከላይኛው ጋር ይተዋወቅ። በደጋው ዝናቡ ሲበረታ የላይኛው ካህን የሚደውልለት ሰው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ፤ የስልክ ቁጥሩም ደወሉ ባለበት ግድግዳ ላይ ተጽፎ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ተደውሎ ይፈተሽ።