ባለቤቱ ለምን ሸጠው?

ቆቦ ላይ ክረምት መግባቱን የማውቀው ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ጨዋታ ጠፍቶ ወሬው ሁሉ ዝውውር ሲሆን ነው። ኳስ የለም፣ ክርክር ግን አለ። እንዲያውም ክርክሩ ከኳሱ ይብሳል።

እ.ኤ.አ. የ2025ቱ ክረምት ደግሞ የተለየ ነበር። አርሰናል በሐምሌ ወር ቪክቶር ዮኬሬስን ከስፖርቲንግ ሊዝበን ወሰደ። ዋጋው 63.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ እንደ ውጤቱ የሚታሰበው ጭማሪ ደግሞ እስከ 10 ሚሊዮን። የልጁ ዕድሜ ያኔ 27 ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንቸስተር ዩናይትድ ቤንጃሚን ሼሽኮን ከላይፕዚግ አመጣ። እሱ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፤ 76.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ጭማሪው እስከ 8.5 ሚሊዮን። ሁለቱም አጥቂ፣ ሁለቱም ውድ፣ ሁለቱም ያኔ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ አንድ ጎል ያላገቡ ነበሩ።

የኛ ቤት ለሁለት ተከፈለ።

«በአንድ የውድድር ዓመት በ52 ጨዋታ 54 ጎል ያገባ ሰው ነው! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይላል አርሰናሉ።

«የፖርቱጋል ሊግ ላይማ እኔም አገባለሁ። ደግሞ 27 ዓመቱ ነው፣ ነገ ያረጅብሃል» ይላል ዩናይትዱ።

«ያንተውስ? ‹ወደፊት ይሻሻላል› ተብሎ ይሄ ሁሉ ብር ይከፈላል እንዴ?»

ጥግ ላይ ሻይ ይዘው የሚቀመጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የከብት ደላላ አሉ። የማንም ደጋፊ አይደሉም፤ ለጨዋታው ሳይሆን ለጨዋታችን ነው የሚመጡት። የዚያን ቀን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ «ቆይ እናንተ፣ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ባለቤቱ ለምን ሸጠው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያነበብኩት ስለዚህችው ጥያቄ ነበር። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ነገሩ ቀላል ነው፦ የመኪናውን ጉድ ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው እንዳይሸወድ ፈርቶ ዋጋ ይቀንሳል። ዋጋው ሲቀንስ ደህና መኪና ያለው ሰው «በዚህስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ገበያው ላይ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። በዚህና በተከታይ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ጋሼ ያንኑ ነገር ከከብት ገበያ ነው ያመጡት።

ለኔ ቤተሰብ ይህ ጥያቄ ዋጋ ያስከፈለ ነው። ፋልካዎ ኦልድትራፎርድ በገባበት ዓመት፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ አጎቴ ሁለተኛ በሬ ገዛ። እስከዚያ ድረስ በአንድ በሬ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነበር የሚያርሰው። መቀናጆ ጥሩ ነገር ነው፤ ችግሩ ዝናብ የጣለ ቀን ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ማረስ ትፈልጋላችሁ። እናም ማሽላውንም ፍየሎቹንም ሸጦ ገበያ ወጣ። በሬው ሻኛው የሞላ፣ የሚያምር ነበር። ጥርሱን አየ፣ ሰኮናውን አየ፣ ወዲያ ወዲህ አስኬደው። «እስቲ ግማሽ ቀን አርሼበት ልየው» ሲል ሻጩ «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው፣ ዛሬ ካልወሰድከው ይቅር» አለው። አጎቴ ቸኮለ፣ ከፈለ። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ ጠንከር ሲል በሬው ትልሙ ላይ ተኛ። ቢመቱት፣ ቢለምኑት አይነሳም። በመጨረሻ ለሥጋ በርካሽ ተሸጠ። አጎቴ ወደ መቀናጆው ተመለሰ። ፍየሎቹ ግን አልተመለሱም።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ወደ ኳሱ እንመለስ። ደጋፊ ሁሉ የሚያስታውሳቸው ሦስት ዝውውሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሮቢን ቫን ፐርሲ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 ዩናይትድ ከአርሰናል ሲገዛው ዕድሜው 29 ነበር፤ ዋጋው 24 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተወራ። ለዓመታት ጉዳት ሲያሰቃየው የኖረ ሰው ነው። የኛ ሰፈር አርሰናሎች «ቁርጭምጭሚቱ ብርጭቆ ነው፣ ገና ጥቅምት ሳይገባ ይሰበራል» እያሉ ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። አልተሰበረም። በሊጉ 26 ጎል አገባ፣ ዩናይትድም 20ኛ ዋንጫውን አነሳ። አሁን የጋሼን ጥያቄ ጠይቁ፦ አርሰናል ለምን ሸጠው? መልሱ በአደባባይ ነበር። ውሉ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ ተጫዋቹም እንደማያራዝም በግልጽ ተናግሯል። ሻጩ የሸጠው በሬው ስለሚተኛ አይደለም፤ ከዓመት በኋላ በነፃ እንዳይሄድበት ነው። አደጋው ነበረ፣ ግን የተደበቀ አልነበረም።

ሁለተኛው ራዳሜል ፋልካዎ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ጉልበቱን ክፉኛ ተጎድቶ የዓለም ዋንጫው አምልጦታል። በዚያው ዓመት የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ዩናይትድ ከሞናኮ በውሰት ወሰደው። በሊጉ 26 ጨዋታ፣ 4 ጎል። እስካሁን ድረስ ቆቦ ላይ ጎል የሳተ ሁሉ «ፋልካዎ» ይባላል። ግን እኔ እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ለዚህ ዝውውር ጠበቃ ልቁም። ዩናይትድ ፋልካዎን አልገዛውም፣ ሞከረው እንጂ! ውሉ ላይ «ከወደድነው እንገዛለን» የሚል አማራጭ ነበረ። አልወደዱትም፣ መለሱት። ኪራይና ደመወዝ ከሰሩ፣ ግን ሙሉውን ዋጋ አልከፈሉም። አጎቴ የለመነው ግማሽ ቀን ማለት ይኼ ነው። የሚገርመው፣ ያው ፋልካዎ በቼልሲም ሳይሳካለት ቀርቶ ወደ ሞናኮ ተመለሰና በ2016/17 የውድድር ዓመት በሊጉ 21 ጎል አግብቶ ቡድኑን ሻምፒዮን አደረገ። በሬው ሞቶ አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛው አሌክሲስ ሳንቼዝ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2018 ሚኪታሪያን ወደ አርሰናል፣ ሳንቼዝ ወደ ዩናይትድ። የዝውውር ክፍያ የለም! ዩናይትዶቹ ጨፈሩ፤ «በነፃ ወሰድነው፣ ያውም ከማንቸስተር ሲቲ አፍ ላይ ነጥቀን» ተባለ። ከዚያስ? 45 ጨዋታ፣ 5 ጎል። ደመወዙ ግን ክለቡ ውስጥ ከፍተኛ ከሚባሉት ነበር፤ ውሉም ረጅም። እንደ ፋልካዎ «እንካ በሬህን» ብሎ መመለስ አይቻልም። ቢያውሱትም የደመወዙ ጣጣ ይከተላል።

ስለዚህ እኛ ደጋፊዎች የምንስቀው በተሳሳተው ዝውውር ነው ባይ ነኝ። ፋልካዎ ላይ የምንስቀው ጎል ስላላገባ ነው። ውጤቱ መጥፎ ነበር፣ ውሳኔው ግን መውጫ በር ነበረው። ሳንቼዝ በገባ ቀን የጨፈርነው ደግሞ በነፃ ስለመጣ ነው። በሩ ግን ከኋላው ተዘግቶ ነበር።

ይህን ለራያ ቆላ ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። ጅጉርቲና ደጋሌት የሚባሉት ረጃጅም የአገር ማሽሎች ይወደዳሉ፤ እህላቸው ለሰው፣ አገዳቸው ለከብትና ለማገዶ። ግን በሚያዝያ አካባቢ ዝናብ አግኝተው መዘራት አለባቸው፣ መሬት ላይም ብዙ ወር ይቆያሉ። ገበሬው ይዘራቸዋል፤ ይህ ውዱ አጥቂ ነው። ዝናቡ ቢከዳና ቡቃያው ቢጠፋ ግን ያንኑ መሬት ገልብጦ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራበታል። የሁለተኛው ዘር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤቱ ተቀምጧል። ገበሬው ዝናብ ይመጣል አይመጣም ብሎ ሲከራከር አይውልም፤ ባይመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያውቃል።

ልዩነቱ የሚከፍለው ሰው ላይ ነው። ትልቅ ክለብ 70 ሚሊዮን ዩሮ ከሰረ ብሎ በማግስቱ አይዘጋም፤ ሌላ አጥቂ ይፈልጋል። አንድ በሬ ያለው ሰው ግን ሲሳሳት ዓመቱ ነው የሚበላው። እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን «ደፋር ሁኑ፣ ግዙ!» ስንል የምንከፍለው የመግቢያ ብር ብቻ ስለሆነ ድፍረቱ ይቀልለናል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሼሽኮን እስከ ጉሮሮው ሲከላከል የነበረው ጓደኛዬ በዚያው ሰሞን ያገለገለ ባጃጅ ሊገዛ ነበር። ገንዘቡ የሦስት ዓመት የሽንኩርት ሥራ ቁጠባው ነው፤ ከእናቱም ተበድሯል። ሻጩ «ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፣ እስከ ነገ ካልወሰድክ ሌላ ገዢ አለ» ብሎታል። ሲነግረኝ አጎቴ ትዝ አለኝ። «መካኒክ ይዘን ሄደን አንድ ቀን እንንዳው፤ ኪራዩን እንከፍላለን በለው» አልኩት።

«ፋልካዎ ልታደርገው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ደወለ።

ሻጩ የቀን ኪራይ አልፈልግም፣ መካኒክም አያስፈልግም፣ እመነኝ አለ። ጓደኛዬ ስልኩን ዘግቶ ትንሽ ዝም አለና «በቃ ይቅር» አለ። ባጃጁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ምናልባት አምልጦን ይሆናል፤ ያመለጠ ነገር ደግሞ ያንገበግባል። ቢሆንም ገንዘቡ ኪሱ ነው፣ እናቱም ተኝታ ታድራለች።

ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ስንገባ ጋሼ ጥጋቸው ላይ ነበሩ። ነገሩን አጫወትናቸው። ሻያቸውን ፉት አሉና «ጎሽ፣ ለምን እንደሚሸጥ ካልነገረህ፣ ነግሮሃል» አሉት።

ከዚያ ክርክሩ ቀጠለ። ጓደኛዬ ሼሽኮ ገና 22 ዓመቱ መሆኑን ለአርሰናሎቹ እየጮኸ ማስረዳት ጀመረ።