ያውቁ ኖሯል? ከገበያ የጠፋ ሽቶ ዛሬም የሚሸተትበት ቤት አለ

በፈረንሳይዋ ቬርሳይ ከተማ መጽሐፍ ሳይሆን ሽቶ የሚጠበቅበት ቤተ መዛግብት ይገኛል። ኦስሞቴክ ይባላል፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የዣን ፓቱ ኩባንያ ሽቶ ቀማሚ የነበሩት ዣን ኬርሌዮ ናቸው።

ስብስቡ በጨለማ፣ በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ሽቶ የሚበላሸው በብርሃን፣ በሙቀትና በኦክስጅን ስለሆነ በጠርሙሱ ውስጥ ክፍት የቀረው ቦታ በአርጎን ጋዝ ይሞላል። ጠርሙሱ ጠፍቶ ቀመሩ ብቻ የተገኘ ከሆነም እንደገና ይቀመማል። ሁቢጋን የተባለው የሽቶ ቤት በ1882 ያወጣው «ፉዤር ሮያል» እዚያ አለ፤ የብዙ አፍተርሼቮች አያት ቢባል አልተጋነነም። ናፖሊዮን በሴንት ሄሌና ግዞት ሳለ ኮሎኙ ሲያልቅበት አሽከሩ በደሴቲቱ በተገኘው ነገር የቀመመለት እንኳ አልቀረም።

ስሙ ሳይለወጥ ጠረኑ የተለወጠም ሞልቷል። ለድሮ የወንዶች ሽቶዎች ያንን የጫካ እርጥበት የሚሰጣቸው በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚበቅል የዛፍ ሽበት ዓይነት ነበር። በውስጡ የሚገኙትን አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የተባሉ፣ ቆዳ የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮች የአውሮፓ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ከለከለ፤ ቀማሚዎችም አማራጭ ፍለጋ ገቡ። «የዱሮው ይሻል ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎች ሁልጊዜ ትዝታ ብቻ አይደለም የሚያናግራቸው።

አሮጌ ጠርሙስ ካገኙ በመጀመሪያው ሽታ አይፍረዱ። ቀድሞ የሚበላሸው እንደ ሎሚና ብርቱካን ያለው ቀላሉ ጠረን ነው፤ ከሥር ያለው እንጨታማው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቆዳ ላይ ጠብ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የኖረውን ግን ባይገዙት ይሻላል።